የአጥር ርዝመትና የመሬት ስፋት
(በራዲዮ ከተሰጠ የታሪክ ንግግር የተወሰደ)



አንድ ከተማ ወይም አንድ ርስት ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዙሪያውን ነው። «ዙሪያውን ለመዞር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ለአጥሩስ ስንት ሜትር ሽቦ ይበቃዋል?» ይላል። ይህ ጥያቄ ለሰው አእምሮ በጣም ቅርብ ነው፤ ዙሪያ በእግር የሚሄዱበት፣ በገመድ የሚለኩት፣ በዓይንም የሚከተሉት ነገር ነውና። ስፋት ግን እንዲህ አይደለም። ስፋት በድንበሩ መካከል የተዘረጋ ስለ ሆነ አንድ ገመድ አዙሮ የሚለካው የለም፤ በስሌት ይገኛል እንጂ። ስለዚህም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቀላሉን ለክተው ከባዱን ያወቁ ይመስላቸው ነበር።

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ይህ ስሕተት በየዘመኑ እንዴት እንደ ታየ፣ ማንን እንደ ጐዳና ማንን እንደ ጠቀመ፣ ሊቃውንትም በምን መንገድ እንዳረሙት ነው። ነገሩ የተማሪ ቤት ሒሳብ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ግብር የተጣለው፣ ርስት የተከፈለው፣ የከተማም ትልቅነት የተነገረው በዚህ ሒሳብ ስለ ሆነ፣ ታሪኩ የፍርድና የአስተዳደር ታሪክም ነው።

ነገሩን ከጥንቱ ለመጀመር ወደ ግብፅ እንሂድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ባለ ታሪክ ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፣ ሴሶስትሪስ የተባለው ንጉሥ ምድሪቱን እኩል እኩል አድርጎ በአራት ማዕዘን ለሕዝቡ አከፋፈለ፤ በያንዳንዱም ላይ ዓመታዊ ግብር ጣለ። ከኢትዮጵያ ደጋ አገር የሚወርደው የዓባይ ውሃ በየክረምቱ ሞልቶ የአንዱን ሰው መሬት በከፊል የወሰደበት እንደ ሆነ፣ ባለ መሬቱ ለንጉሡ ያመለክታል፤ ንጉሡም የጎደለው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚለኩ ሰዎች ይልካል፤ ግብሩም በቀረው መሬት መጠን ይቀነስለታል። ሄሮዶቱስ በአሳቡ የምድር ልክ ጥበብ፣ ማለት ጂኦሜትሪ፣ የተገኘው ከዚህ ነው ይላል። እንግዲህ ይህ ጥበብ ከመጀመሪያው የተነሣው አንድ ገበሬ በሌለው መሬት ላይ ግብር እንዳይከፍል ለማድረግ ነው ማለት ነው።

ግብፃውያን በዚህ ሥራ ሩቅ ሄደዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ አሕሜስ የተባለ ጸሓፊ በፓፒሩስ ላይ የገለበጠው የሒሳብ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ክብ እርሻ የተጻፈ አንድ ጥያቄ አለ። የክቡ አግድመት 9 ቢሆን ስፋቱ ስንት ይሆናል? መልሱም፣ ከዘጠኙ አንድ ዘጠነኛውን ቀንስ፤ 8 ይቀራል፤ ስምንትን በስምንት አባዛ፤ 64 ይሆናል የሚል ነው። በዛሬው ትክክለኛ ስሌት ውጤቱ 63.6 ያህል ነው። ከሦስት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በፊት ለኖረ ሰው ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ሆኖም በዚያው አገር፣ ከዚህ በጣም ዘግይቶ፣ ሌላ ዓይነት ስሌት እናገኛለን። በኤድፉ ከተማ በሆሩስ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ለቤተ መቅደሱ የተሰጡ መሬቶች ዝርዝር ተቀርጿል። እዚያ የሚገኘው አሠራር እንዲህ ነው፦ አራት ጐን ያለውን መሬት ስፋት ለማግኘት ትይዩ የሆኑትን ሁለት ጐኖች ደምረህ በግማሽ ክፈል፤ የቀሩትንም ሁለት ጐኖች እንዲሁ አድርግ፤ ከዚያም ሁለቱን አባዛ። ይህ ስሌት የሚያስፈልገው የጐኖቹን ርዝመት ብቻ ነው፤ ማዕዘኑን አይጠይቅም። መሬቱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ከሆነ ስሌቱ ትክክል ነው። ጐኖቹ ያዘነበሉ ከሆነ ግን ውጤቱ ከእውነተኛው ስፋት ሁልጊዜ ይበልጣል እንጂ ከቶ አያንስም።

ለምሳሌ አራቱም ጐኑ አምስት አምስት የሆነ መሬት በዚህ ስሌት 25 ይባላል። ነገር ግን ይህ መሬት አዘንብሎ በሁለቱ ትይዩ ጐኖች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 3 ብቻ ቢሆን፣ እውነተኛው ስፋት 15 ነው። ዙሪያው በሁለቱም ጊዜ 20 ነው፤ አልተለወጠም። እንዲህ ያለ ስሌት ለግብር ቢውል የሚያተርፈው ማን እንደ ሆነ፣ የሚከስረውም ማን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ለአንድ ወገን ብቻ የሚያደላ ስሕተት፣ ሳይታሰብ የተፈጸመም ቢሆን፣ ከበደል የሚለየው በስም ብቻ ነው።

በባቢሎን የነበሩት ጸሓፍት ደግሞ የዙሪያንና የስፋትን ዝምድና ከግብፃውያን ይልቅ በጥልቀት ያውቁ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ዓመት አካባቢ በሸክላ ጽላት ላይ ከጻፏቸው ጥያቄዎች መካከል፣ የአንድ መሬት ቁመትና ወርድ ተደምሮ ይህን ያህል ነው፤ ስፋቱም ይህን ያህል ነው፤ ቁመቱና ወርዱ እየብቻው ስንት ነው? የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሚፈቱትም፣ ድምሩን በግማሽ ከፍለው፣ ግማሹን በራሱ አባዝተው፣ ከዚያ ላይ ስፋቱን በመቀነስ ነበር።

ይህ አሠራር የነገሩን ሁሉ ቍልፍ ስለ ያዘ ጥቂት ቆም ብለን እንመልከተው። ዙሪያው 40 የሆነ መሬት ቁመቱና ወርዱ ሲደመር 20 ነው፤ ግማሹ 10 ነው፤ 10 በ10 ሲባዛ 100 ነው። ቁመቱም ወርዱም አሥር አሥር ከሆነ ስፋቱ ሙሉ 100 ይሆናል። ቁመቱን በ2 ጨምረን ወርዱን በ2 ብንቀንስ 12 በ8፣ ማለት 96 ይሆናል፤ የጎደለው 4፣ ሁለት በሁለት ነው። በ5 ብንጨምርና ብንቀንስ 15 በ5፣ ማለት 75 ይሆናል፤ የጎደለው 25፣ አምስት በአምስት ነው። በ9 ብናደርገው 19 በ1፣ ማለት 19 ብቻ ይቀራል፤ የጎደለው 81፣ ዘጠኝ በዘጠኝ ነው። ዙሪያው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 40 ነው። እንግዲህ ቁመትና ወርድ ከመካከለኛው ልክ በራቁ ቍጥር፣ የራቁበት መጠን በራሱ ተባዝቶ ከስፋቱ ላይ ይቀነሳል። አንድ አጥር ከሚያጥራቸው ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን መሬቶች ሁሉ የሚበልጠው አራቱም ጐኑ እኩል የሆነው መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ግሪኮች ስንመጣ፣ እነዚያ በጥበብ የታወቁ ሰዎች እንኳ በተራው ሕይወታቸው ከዚህ ስሕተት እንዳልዳኑ እናያለን። የታላቁ ጦርነት ባለ ታሪክ ቱኪዲዴስ፣ የአቴና ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት ወደ ሲሲሊያ ደሴት ስለ ዘመቱት ዘመቻ ሲጽፍ፣ አብዛኛው ሕዝብ የደሴቲቱን ትልቅነትና የነዋሪዎቿን ብዛት አያውቅም ነበር ይላል። ትልቅነቷንም ለማስረዳት ደሴቲቱን በንግድ መርከብ ለመዞር ስምንት ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል ብሎ ተናገረ። ይህ ልክ ለመርከበኛ ይጠቅማል፤ በውስጧ ምን ያህል እርሻ፣ ምን ያህል ከተማ፣ ምን ያህል ሰው እንደሚኖር ለማወቅ ግን ብቻውን አይበቃም። ዘመቻው በ413 ዓመት በታላቅ ጥፋት ተፈጸመ። ለጥፋቱ ብዙ ሌላ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ያልመዘኑትን አገር ለመያዝ መነሣት ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ቱኪዲዴስ ራሱ በመጀመሪያው ላይ አመልክቷል።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ባለ ታሪክ ፖሊቢዩስ ነገሩን በግልጥ ወቀሰ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ሰው እንዲህ የሚል አሳብ ጽፏል፦ አብዛኞቹ ሰዎች የከተማን ትልቅነት የሚፈርዱት በዙሪያው ነው። ስለዚህ የሜጋሎፖሊስ ዙሪያ 50 እስታድዮን፣ የእስፓርታ ዙሪያ ደግሞ 48 እስታድዮን ሆኖ ሳለ፣ እስፓርታ የሜጋሎፖሊስን እጥፍ ታህላለች ቢባሉ አያምኑም። ይልቁንም ዙሪያው 40 እስታድዮን የሆነ ከተማ ወይም የጦር ሰፈር፣ ዙሪያው 100 እስታድዮን ከሆነው እጥፍ ሊበልጥ ይችላል ቢባሉ ፈጽሞ ይደነግጣሉ። ለዚህም ምክንያቱ በልጅነታችን የተማርነውን ጂኦሜትሪ መርሳታችን ነው። ፖሊቢዩስ ይህን ለመጻፍ የተነሣው ተራው ሕዝብ ብቻ ሳይሆን፣ አገር የሚያስተዳድሩና ጦር የሚመሩ ሰዎችም ሳይቀሩ በዚህ ሲደነቁ ስላየ ነው። እርሱ ራሱ የሜጋሎፖሊስ ተወላጅ እንደ ነበረ ብንጨምርበት፣ ለእውነት ሲል የገዛ ከተማውን ማሳነሱ የሚያስመሰግነው ነው።

አነጋገሩ ትክክል መሆኑን በቀላሉ ለመፈተን ይቻላል። ዙሪያው 40 የሆነ አራት ማዕዘን 10 በ10 ከሆነ ስፋቱ 100 ነው። ዙሪያው 100 የሆነ ሌላ መሬት ደግሞ ቁመቱ 49፣ ወርዱ 1 ቢሆን ስፋቱ 49 ብቻ ነው። አጥሩ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው ምድር ግን ከግማሽ ያንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር መነገር አለበት። ዙሪያ እንደ ስፋት ያድጋል ብሎ ማሰብ ቅርጹ ሳይለወጥ እንኳ ያሳስታል። ፈላስፋው አፍላጦን «ሜኖን» በተባለው መጽሐፉ ሶቅራጥስን ከአንድ ያልተማረ አገልጋይ ልጅ ጋር ሲያነጋግረው ያሳየናል። ሶቅራጥስ ጐኑ 2 ጫማ፣ ስፋቱ 4 የሆነ አራት ማዕዘን ሥሎ፣ ስፋቱ የዚህ እጥፍ፣ ማለት 8 እንዲሆን ጐኑ ስንት ይሁን? ብሎ ጠየቀው። ልጁም ያለ ማመንታት ጐኑ እጥፍ ይሁን አለ። ሲሠሉት ግን ስፋቱ 16 ሆነ። ዙሪያው እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዙሪያው ሦስት እጥፍ ሲሆን ስፋቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ከዚህም የሚከተለውን እናስተውላለን። አራት ሄክታር ያለው ሰው መሬቱ አራት ጐኑ እኩል ቢሆን 800 ሜትር አጥር ያስፈልገዋል፤ ለአንድ ሄክታር 200 ሜትር ማለት ነው። መቶ ሄክታር ያለው ግን 4,000 ሜትር ይበቃዋል፤ ለአንድ ሄክታር 40 ሜትር ብቻ ይሆናል። የትንሽ መሬት ባለቤት በአጥር ወጪም ቢሆን ከባለጠጋው አምስት እጥፍ ይከብደዋል።

ስሕተቱን ከሌሎች ቀድሞ ያወቀ ሰው ሌላውን ለማታለል እንደሚችልም ታሪክ ይነግረናል። በ5ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት በአቴና የአፍላጦንን ትምህርት ቤት የመራው ፕሮክሉስ የኤውክሊድስን መጽሐፍ ሲተረጕም እንዲህ ያለውን ነገር አስታወሰ፦ መሬት ሲከፋፈሉ አንዳንዶች ዙሪያው የረዘመውን ድርሻ ይወስዱና፣ በኋላ ዙሪያው ባጠረው ለመለወጥ ፈቃደኛ ይሆናሉ። ባልንጀሮቻቸው ትልቁን ሰጥተው ትንሹን የወሰዱ መስሏቸው ያመሰግኗቸዋል። እነርሱ ግን በእውነቱ ሰፊውን መሬት ያገኛሉ፤ በዚያውም ላይ የቸርነት ስም ያተርፋሉ። እንግዲህ አለማወቅ ንብረትን ከማሳጣቱ በላይ፣ ለቀማኛው ምስጋና እስከ ማቅረብ ያደርሳል።

የሮማው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያኑስ ደግሞ ነገሩን ወደ ፍርድ አደባባይ አመጣው። በ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፣ የሕግ ጠበቃ ለምን ጂኦሜትሪ መማር እንደሚገባው ሲያስረዳ፣ ዙሪያቸው እኩል የሆነ ሁሉ ስፋታቸው እኩል ነው የሚለውን አባባል ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። የሮማውያን የመሬት መለኪያ ቁመቱ 240 ጫማ፣ ወርዱ 120 ጫማ ነበረ፤ ዙሪያው 720፣ ስፋቱ 28,800 ነው። በዚያው ዙሪያ አራቱን ጐኖች 180 በ180 ብናደርጋቸው ስፋቱ 32,400 ይሆናል። ቅድም ከባቢሎን አሠራር ጋር ያየናቸውን 10 በ10፣ 15 በ5፣ 19 በ1 የሚሉትን ቍጥሮችም የጠቀሰው እርሱ ነው። የደሴቶችን ስፋት በመርከብ ዙረት የለኩትን ባለ ታሪኮች ጂኦሜትሪ የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነቀፏቸውም በዚያው ላይ ጽፏል። ስለ ድንበርና ስለ መሬት ልክ የሚከራከር ሰው ይህን ካላወቀ፣ ሐሰት የሆነው ነገር እውነት መስሎ ሲቀርብበት መልስ ያጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ፣ በአንድ ገመድ ሊከበብ ከሚችለው ቅርጽ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? የሚል ነው። ስለዚህ ነገር የጥንት ሰዎች ስለ ንግሥት ዲዶ የሚተርኩት አፈ ታሪክ አለ። ዲዶ ከጢሮስ ተሰዳ ወደ ሰሜን አፍሪቃ የባሕር ዳር በመጣች ጊዜ፣ የአገሩ ሰዎች በአንድ የበሬ ቆዳ ሊሸፈን የሚችል መሬት እንሸጥልሻለን አሏት። እርስዋም ቆዳውን በቀጭን በቀጭኑ ጠፍር አድርጋ ቆራርጣ፣ ጠፍሩን ቀጥላ፣ ሰፊ መሬት ከበበችበት፤ የካርታጎ ከተማም በዚያ ላይ ተመሠረተች ይባላል። በልማድ የሚነገረው ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 814 ዓመት ነው። የሮማው ባለ ቅኔ ቬርጊሊዩስ ይህን ታሪክ በመጽሐፉ አንሥቶታል።

የኋላ ዘመን የሒሳብ ሊቃውንት በዚህ ላይ የራሳቸውን ስሌት ጨመሩበት። ንግሥቲቱ 1,000 ሜትር ጠፍር ነበራት እንበል፤ የባሕሩም ዳር እንደ መስመር ቀጥ ያለ ይሁን። በባሕሩ በኩል አጥር ስለማያስፈልግ ጠፍሩን 250፣ 500፣ 250 አድርጋ በቀጥተኛ ማዕዘን ብትዘረጋው 125,000 ካሬ ሜትር ታገኛለች። በግማሽ ክብ ብትዘረጋው ግን 159,000 ካሬ ሜትር ያህል ታገኛለች። ከዚህ የሚበልጥ ቅርጽ የለም።

ይህን በማስረጃ ለማጽናት የተነሣው ዜኖዶሩስ የተባለ ግሪካዊ ሊቅ ነው። እርሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የኖረ ሲሆን፣ ዙሪያቸው እኩል ስለ ሆኑ ቅርጾች አንድ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ፓፑስና ቴዎን የተባሉ የእስክንድርያ ሊቃውንት በ4ኛው መቶ ዓመት የያዘውን ፍሬ ነገር አቆይተውልናል። ዜኖዶሩስ የጐኖቻቸው ቍጥርና ዙሪያቸው እኩል ከሆኑ ቅርጾች መካከል የሚበልጠው ጐኑም ማዕዘኑም እኩል የሆነው መሆኑን፣ ከእነዚህም ማዕዘኑ የበዛው እንደሚበልጥ፣ ክብ ደግሞ ከሁሉም እንደሚበልጥ አሳየ። ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነው አርኪሜድስ ቀደም ብሎ ያረጋገጠው ነገር ነው፤ ይኸውም የክብ ስፋት፣ ዙሪያው ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ባለው ርቀት ተባዝቶ በግማሽ ሲከፈል የሚገኘው ነው። ዙሪያው 40 የሆነ ገመድ እኩል ጐን ባለው ሦስት ማዕዘን 77፣ በአራት ማዕዘን 100፣ በስድስት ማዕዘን 115፣ በክብ 127 ያህል ስፋት ይይዛል።

ፓፑስ በዚህ አጋጣሚ ስለ ንብ የጻፈው የሚያስደስት ነው። ያለ ክፍተት ጐን ለጐን ሊገጣጠሙ የሚችሉ እኩል ጐን ያላቸው ቅርጾች ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘንና ስድስት ማዕዘን ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ በተመሳሳይ ሰም ብዙ ማር የሚይዘው ስድስት ማዕዘን ነው፤ ንብም የመረጠችው ይህንኑ ነው ይላል። ከየትኛውም ዓይነት ቅርጽ ጋር ቢወዳደር የንብ እንጀራ አሠራር ዙሪያን በመቈጠብ አንደኛ መሆኑን ግን አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ሄልስ እስከሚያረጋግጥ ድረስ፣ እስከ 1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሙሉ ማስረጃ አልተገኘለትም ነበር።

የክብም ነገር ቢሆን በዜኖዶሩስ አላበቃም። በ1838 ስዊሳዊው ያኮብ ሽታይነር፣ የገበሬ ልጅ ሆኖ እስከ 14 ዓመቱ መጻፍ የማያውቅ የነበረው ሊቅ፣ በጣም የተዋበ ማስረጃ አቀረበ። ክብ ያልሆነ ማናቸውም ቅርጽ ዙሪያው ሳይጨምር ስፋቱ ሊያድግ እንደሚችል አሳየ። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ከሁሉ የሚበልጥ ቅርጽ በእርግጥ መኖሩን ሳያስረዳ እንዳለ አድርጎ ወሰደው። ይህን ክፍተት የደፈነው ጀርመናዊው ካርል ቫየርሽትራስ በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ዓይን በቅጽበት የሚቀበለውን ነገር አእምሮ በሙሉ ማስረጃ እስኪይዘው ድረስ ሁለት ሺሕ ዓመት ፈጀ።

በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በ1904 የስዊድኑ ሊቅ ሄልገ ፎን ኮኽ፣ ስፋቱ የተወሰነ ሆኖ ዙሪያው ግን መጨረሻ የሌለው ቅርጽ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በ1967 ቤንዋ ማንደልብሮ የብሪታንያ የባሕር ዳር ርዝመት ስንት ነው? ብሎ ጠይቆ፣ መልሱ በመለኪያው እንደሚወሰን አስረዳ፤ መለኪያው ባጠረ ቍጥር እያንዳንዱ ጠምዛዛ ስለሚቈጠር ርዝመቱ ይጨምራል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች እርግጠኛው ዙሪያ ነው ብለው ሲመኩ፣ ለባሕር ዳር አገር ግን እርግጠኛው ስፋቱ ሆኖ ተገኘ።

ወደ አገራችን ብንመለስ ገበሬያችን መሬቱን በጥማድ መለካቱ ሊደነቅ ይገባዋል። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በሬ የሚያርሰው ውስጡን እንጂ ዙሪያውን ስላልሆነ፣ ይህ ልክ እንደ አፈሩ ጥንካሬና እንደ በሬው ጕልበት ቢለያይም፣ በአጥር ርዝመት አይታለልም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ ደግሞ በብዙ አውራጃ መሬት በቀላድ ገመድ እየተለካ በጋሻ ተቈጥሯል፤ አንድ ጋሻም በኋላ ዘመን 40 ሄክታር ያህል ተደርጎ ይገመት ነበር። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ እስኪሆን ድረስ ስለ ጋሻና ስለ ቀላድ የተነሣው ክርክር ብዙ ነው። አያቶቻችን የሠሩት ክብ ጎጆም ይህንኑ ጥበብ ይመሰክራል። ወለሉ 36 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በአራት ማዕዘን ቢሠራ የግድግዳው ዙሪያ 24 ሜትር ነው፤ ጠበብ ብሎ 12 በ3 ቢሠራ 30 ሜትር ይሆናል፤ በክብ ቢሠራ ግን 21 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። እንጨቱም ጭቃውም የሚቈጠበው በዚህ ነው።

ርስት ሲከፈልም ልዩነቱ ይታያል። 200 በ200 የሆነ መሬት ለአራት ልጆች ሲከፈል፣ አራት 100 በ100 ቢደረግ የያንዳንዱ ዙሪያ 400 ሜትር ነው። እንደ ጨርቅ ቅዳጅ አራት 200 በ50 ቢደረግ ግን የያንዳንዱ ዙሪያ 500 ሜትር ይሆናል። የደረሳቸው መሬት እኩል ነው፤ የሚጠብቁት ድንበር ግን ጨመረ። ድንበር በበዛ ቍጥር የድንበር ክርክር እንደሚበዛ ከዳኞች ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ በከተማችን የቤት ቦታ ዋጋ ሲነገር «ስንት ካሬ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ሰው ከዙሪያ ወደ ስፋት መሻገሩን ያሳያልና። ሆኖም እዚህም ላይ ሌላው ጐን መረሳት የለበትም። 200 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ 10 በ20 ከሆነ አጥሩ 60 ሜትር ነው፤ 5 በ40 ከሆነ ደግሞ 90 ሜትር ይሆናል። ስፋቱን ብቻ የጠየቀ ሰው ቦታውን ከተረከበ በኋላ ለ30 ሜትር ግንብ ያላሰበውን ገንዘብ ያወጣል፤ ቤት የሚሠራበትም ወርድ ይጠበዋል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ይዞታ፣ የሰው ግብርና የሰው አቤቱታ በእጃችሁ ያልፋል። የድንበሩ ርዝመት ብቻ የተጻፈበት ማስረጃ ሲቀርብላችሁ ቁመቱንና ወርዱን ጠይቁ፤ ጐኖቹ ብቻ ሲጻፉ ማዕዘኑን ጠይቁ፤ ስፋቱ ብቻ ሲጻፍ ቅርጹን ጠይቁ። በግብፅ የዓባይ ውሃ መሬቱን የወሰደበት ገበሬ የጠየቀው ችሮታ አልነበረም፤ የቀረለት መሬት በትክክል እንዲለካለት ነበር። አቤት የሚለው ሰው ዛሬም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።